ጠያቂ ደቀ መዝሙር፤ ከቅኔ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጽሑፍ

የትምህርት ነገር በተነሣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው መምህሩ የሚናገረው ቃል ነው፤ ተማሪው የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሆኖም በሐዋርያት ሥራ በስምንተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ ወደ እርሱ ቀርቦ በመጀመሪያ ያቀረበለት ስብከት ሳይሆን ጥያቄ ነበረ፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም ማንበቡን እንደ ማስተዋል አልቈጠረውም፤ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው በትሕትና ተናገረ። ከዚያም አልፎ ነቢዩ ይህን ስለ ራሱ ወይስ ስለ ሌላ ሰው እንደ ተናገረ በተራው ጠየቀ። ፊልጶስም ወንጌልን መስበክ የጀመረው ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ነው። እንግዲህ ያ ኢትዮጵያዊ በመጽሐፍ ሲታሰብ የሚኖረው በብልጽግናው ወይም በሹመቱ ብቻ አይደለም፤ አንብቦ በመጠየቁ ጭምር ነው።

ማንበብና ማስተዋል ሁለት መሆናቸውን ሁሉም በቃል ያምናል፤ ተማሪውን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ድልድይ ምን እንደ ሆነ ግን በትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ ዐይነት መልስ አልተሰጠበትም። ተማሪ የተነገረውን ብቻ እንዲመልስ የሚታዘዝበት ቤት አለ፤ ያልተነገረውን ከተነገረው ውስጥ አውጥቶ እንዲያመጣ የሚታዘዝበትም ቤት አለ። ዛሬ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ለተማሪ የሚሰጠው የምርምር ጽሑፍ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚመደብ ለማወቅ የሚሻ ሰው የነገሩን ታሪክ ከሥሩ ቢመለከት ይጠቀማል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት የመጀመሪያው ደጃፍ ንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደሉን ቈጥሮ፥ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፥ በመጨረሻ 150ውን የዳዊት መዝሙር ይደግማል። በዚህ ቤት የሚፈለገው የዐይን፥ የጆሮና የአንደበት ሥራ ነው፤ ግዕዙ ምን እንደሚል ሕፃኑ አይጠየቅም፥ እርሱም አይጠይቅም። ከዚያ ወደ ዜማ ቤት የሄደው ተማሪ የቅዱስ ያሬድን ድጓ በቃሉና በዜማው ለመያዝ ረጅም ዘመን ይደክማል። ይህን ድካም የሚንቅ ሰው ተሳስቷል፤ ባዶ ጐተራ እህል እንደማይሰፈርበት ሁሉ፥ ምንም ያልተቀመጠበት ልቡና ምንም ሊያወጣ አይችልምና። ነገር ግን ጐተራውን መሙላትና ከጐተራው አውጥቶ ዘርቶ ማምረት ልዩ ልዩ ሥራ ናቸው፤ ለሁለተኛው ሥራ የተለየ ቤት ተሠርቶለታል፤ እርሱም ቅኔ ቤት ነው።

የቅኔን መጀመሪያ የቤቱ ትውፊት አንድ ጊዜ ለዮሐንስ ገብላዊ፥ አንድ ጊዜም ለጎንጁ ተዋናይ ይሰጠዋል፤ ዋድላ፥ ዋሸራና ጎንጅም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስልት ይዘው ስማቸው የታወቀ ነው። ከጀማሪው ይልቅ ለዚህ ነገር የሚጠቅመው ግን የቤቱ የዕለት ሥራ ነው። መምህሩ ግሱን ያወርዳል፥ አገባቡን ያሳያል፥ ለምሳሌ የሚሆን ቅኔም ይነግራል፤ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ፥ ኅብሩን ፈትቶ ያስረዳል። ከዚህ በኋላ ተማሪው መምህሩ የተናገረውን እንዲደግም አይታዘዝም። ለምዱን ለብሶ ወደ ዱር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ብቻውን ይሄዳል፤ ከራሱ ልቡና የሚወጣ፥ ትናንት ያልነበረ ቅኔ ይቈጥራል። በሰዓቱም ተመልሶ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ቆሞ ይነግራል። ቤቱ ያልመታ፥ አገባቡ የተሰበረ፥ ምሥጢሩ የላላ እንደ ሆነ እዚያው ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ዐዲስ ቅኔ ይዞ ይመጣል።

በዚህ ሥርዓት ሦስት ብልሃቶች ተሰውረው ይገኛሉ። አንደኛው፥ ሥራው በትንሽ ይጀመራል። ጀማሪው የሚታዘዘው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ብቻ እንዲቈጥር ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፥ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ሆኖም ሁለቱም ቤት ቢሆኑ የራሱ ሥራ መሆን አለባቸው፤ ማለት ትንሽነቱ በመጠን ነው እንጂ በማሰብ አይደለም። ሁለተኛው፥ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር በቤቱ ዘንድ ነውር ነው። በማኅሌት የተሰማ ቅኔ ለዚያ ቀን የተባለ ነውና ባለቅኔው ሌላ ቀን ሌላ ቅኔ ይጠበቅበታል። ሦስተኛው፥ ተማሪው ሥራውን በወረቀት ልኮ አይቀመጥም፤ ፊት ለፊት ቆሞ ይነግራል፥ ሲጠየቅም ምሥጢሩን ይፈታል። ያልገባውን ቅኔ ከሌላ ተውሶ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ጥያቄ ይያዛል።

ይህም ትምህርት ኃይሉ ከዐይን ሳይሆን ከልቡና መሆኑን ለማወቅ የሚወድ ሰው በጎጃም የጽላሎዋን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስታውስ። ዐይነ ስውር ነበሩ፥ ሴትም ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቅኔ ቤት የወንዶች ቤት ሆኖ ይቈጠር ነበር። እርሳቸው ግን ቅኔ ተምረው አልቀሩም፤ ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርትን አስተማሩ።

ከቅኔ ቤት አልፎ መጽሐፍ ቤት የገባው ተማሪ ሌላ ዐይነት ልምምድ ያገኛል። ብሉያት፥ ሐዲሳት፥ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚባሉት መጻሕፍት በዚህ ቤት የሚተረጐሙት አንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ፍቺ ብቻ አለው በማለት አይደለም። የግዕዙ ንባብ ይነበባል፥ ነጠላ ትርጕሙ በአማርኛ ይሰጣል፤ ቀጥሎ አንድም እየተባለ ሌላ ፍቺ ይታከላል፤ ለእያንዳንዱም ፍቺ ከመጽሐፍ ማስረጃ፥ ከታሪክ ምስክር፥ ከፍጥረት ምሳሌ ይመጣለታል፤ ሐተታም ይከተለዋል። አንድም የሚለው ቃል ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ተማሪው ሁለት ወይም ሦስት አሳብ በአንድ ጊዜ በእጁ ይዞ የትኛው በምን እንደሚጸና እንዲመዝን ያስለምደዋል። በጎንደር ዘመን በመምህር ኤስድሮስ ስም የታወቀው የትርጓሜ ሥራም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት ሁለቱ ጉባኤያት በአንዳንድ ፍቺ ቢለያዩም፥ ልዩነታቸው የተማሪውን ልቡና የሚያሰላ ሆነ እንጂ ቤተ ክርስቲያንን የሚከፍል አልሆነም።

እውነትን ለመናገር ግን የዚህ ሥርዓት ጕድለት መሸፈን የለበትም። ንባብ ቤት ከገቡት ሕፃናት ብዙዎቹ ዳዊት ደግመው በዚያው ይቀሩ ነበር፤ የሚደግሙትን ግዕዝ ሳያስተውሉ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ጥቂቶች አይደሉም። ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት የሚደርሰው በመንገድ ሲለምን ውሻ የነከሰው፥ ብርድና ረኃብ የፈተነው፥ ከብዙዎቹ የተረፈው ጥቂቱ ነበረ። ከፍ ያለው አስተሳሰብ በቤቱ ነበረ፤ ነገር ግን በላይኛው ሰገነት የተቀመጠ ነበረ፥ መሰላሉም ረጅም ነበረ። ደግሞም የጥያቄው ድንበር በመጻሕፍት ዙሪያ የታጠረ ስለ ነበረ የአፈሩን፥ የበሽታውን፥ የገበያውንና የሕዝቡን ልማድ መመርመር የቤቱ ሥራ ሆኖ አልተቈጠረም።

በአውሮፓም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን በተመሠረቱት ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩ ከመጽሐፍ ያነባል፥ ተማሪው ይሰማል፤ ከዚያም በታወቀ ሥርዓት ይከራከራሉ። ተማሪው ራሱ ምንጭ ፈልጎ፥ ራሱ መርምሮ፥ ራሱ ጽፎ እንዲያቀርብ የሚታዘዝበት ጉባኤ በጀርመን አገር ሴሚናር በሚል ስም የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በጐቲንገን ዩኒቨርሲቲ በ1730ዎቹ ዮሐን ማቲያስ ጌስነር፥ በሃለ ዩኒቨርሲቲም በ1787 ፍሪድሪክ አውጉስት ቮልፍ የቋንቋ ሴሚናር አቋቋሙ። በ1810 ዊልሄልም ፎን ሁምቦልት ያቀደው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት አሳቡ ይበልጥ ጸና፤ መምህርና ተማሪ ሁለቱም ገና ያልተፈጸመ እውቀት ፈላጊዎች ናቸው ተባለ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌዎፖልድ ፎን ራንከ የታሪክ ተማሪዎቹን በቤቱ ሰብስቦ የጥንቱን ሰነድ ማን ጻፈው፥ መቼ ጻፈው፥ ለምን ጻፈው እያለ ያስመረምራቸው ነበር። የዛሬው የምርምር ጽሑፍ ትእዛዝ የዚያ ጉባኤ የልጅ ልጅ ነው።

እነዚህ ሁለት መንገዶች፥ የቅኔ ቤቱና የሴሚናሩ፥ ተገናኝተው ያፈሩት ፍሬ በግዕዝና በአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በሮም ከሊቁ ከኢግናስዮ ጕዊዲ ጋራ ሲሠሩ፥ አንደኛው የቤቱን እውቀት፥ ሁለተኛው የምርመራውን ስልት አዋጡ፤ የጕዊዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ታተመ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀበሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ኖረው ዕብራይስጡን፥ ሱርስቱንና ዐረቡን ከግዕዙ ጋራ አስተያዩ፤ የመምህራቸውን ሥራ እንደ ተቀበሉት አልገለበጡትም፥ ከሥሩ መረመሩት እንጂ። የፊደሉንም ተራ ሳይቀር ጠየቁ፤ የጥንቱ ተራ ሀ ሁ ሳይሆን አበገደ ነው ብለው ማስረጃቸውን አቀረቡ፥ መዝገበ ቃላታቸውንም በዚያው ተራ ሠሩት። በ1936 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሥራው ገና አልታተመም ነበር፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፤ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። በዚህ ሦስት ትውልድ ውስጥ እያንዳንዱ ደቀ መዝሙር መምህሩን አከበረ፤ ነገር ግን አክብሮቱ በመድገም ሳይሆን በመጨመር ተገለጸ።

በዐዲሱ ትምህርት ቤት በኩል ግን ነገሩ በፍጥነት አልተሳካም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1925ም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ቋንቋና ሒሳብ ዐውቆ ለመንግሥት ሥራ የሚበቃ ሰው በቶሎ ያስፈልግ ነበር። የቸኰለ ዘመን ተማሪውን እንዲያስብ ሳይሆን እንዲያውቅ ይጠይቀዋል፤ ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በደብተር ገልብጦ በፈተና ቀን መመለስ የትምህርት ሁሉ መለኪያ ሆነ። የሚያሳዝነው፥ ዐዲሱ ትምህርት ቤት ከጥንቱ የወረሰው የንባብ ቤቱን ልማድ ሆኖ፥ የቅኔ ቤቱን ብልሃት በደጅ መተዉ ነው።

ይህን ጕድለት ለመሙላት የተደረገ አንድ ሙከራ መታሰብ ይገባዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ በኋላ፥ በዚያው ኮሌጅ የሕዝብን ባህልና ልማድ የሚያጠና የተማሪዎች ማኅበር ቆመ፤ በ1950ዎቹም መጽሔቱን ያወጣ ነበር። ተማሪዎቹ ከየአውራጃቸው የሠርጉን፥ የልቅሶውን፥ የርስቱንና የበዓሉን ሥርዓት እየጠየቁ ይጽፉ ነበር። ይህም ትልቅ ለውጥ ነው፤ በባዕድ አገር የተጻፈውን መጽሐፍ ሲያጠና የኖረ ወጣት፥ ማንም በመጽሐፍ ያልጻፈውን የአያቱን ልማድ እንዲመረምር ታዘዘ። መልሱ በቤተ መጻሕፍት አልነበረምና መገልበጥ አይቻልም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት ይህ ዐይነቱ ሥራ የቆመ ቤት አገኘ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍም የዩኒቨርሲቲው ልማድ ሆነ።

የትምህርት ሊቃውንትም በዚሁ ዘመን ገደማ የአስተሳሰብን ደረጃ በስም ለይተው አስቀመጡ። በአሜሪካ የቺካጎው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ባወጡት መጽሐፍ ስድስት ደረጃ ቈጠሩ፤ ማወቅ፥ መረዳት፥ በሥራ ማዋል፥ ከፋፍሎ መመርመር፥ አዋሕዶ መሥራትና መፍረድ ናቸው። በ2001 ሥራው ሲታደስ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ዐዲስ ነገር መፍጠር ነው። ይህን መሰላል የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቢያየው አይገርመውም፤ ዳዊት ደጋሚው በመጀመሪያው እርከን፥ አንድም ባዩ በሚመረምረውና በሚፈርደው፥ ባለቅኔው በላይኛው እርከን ቆሞ ያየዋልና። አንድ ልዩነት ግን አለ። መሰላሉን በመጽሐፍ ብቻ ያየ መምህር፥ ተማሪው ታችኛውን እርከን ሁሉ ሳይፈጽም ላይኛውን መንካት የለበትም ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የቅኔ መምህሩ ግን ገና በጥቂት ግስ ሁለት ቤት አስቈጥሮ ላይኛውን እርከን ከጧቱ ያስነካዋል።

ለዛሬው መምህር የሚቀረው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የተማሪው ጽሑፍ ከፍ ማለቱና ዝቅ ማለቱ በተማሪው ብርታት ብቻ አይወሰንም፤ አስቀድሞ በተሰጠው ጥያቄ ይወሰናል። ለምሳሌ፥ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ጻፍ ተብሎ የታዘዘ ተማሪ፥ በ1855 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መንገሣቸውን፥ በ1868 በመቅደላ ማረፋቸውን ከአንድ መጽሐፍ አውጥቶ ይጽፋል፤ ይህንም በማድረጉ አይወቀስም፥ የተጠየቀው ይህ ነውና። ነገር ግን ንጉሡ ለየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው የቀረውን መሬት ለመውሰድ በተነሡ ጊዜ ከካህናቱ ጋራ የሆነው ጠብ መንግሥታቸውን ምን ያህል ጐዳው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሥራው ይለወጣል። የደብተራ ዘነብንና የአለቃ ወልደ ማርያምን ዜና መዋዕል ጐን ለጐን አስቀምጦ ማየት ግድ ይሆንበታል፤ ሁለቱ ጸሐፊዎች ንጉሡን በአንድ ዐይን እንዳላዩአቸው ያስተውላል፤ ለምን እንደ ተለያዩም ይጠይቃል። ካህናቱ የተናገሩትን ለካህናቱ፥ ንጉሡ ያሰቡትን ለንጉሡ ሰጥቶ፥ በመጨረሻ የራሱን ፍርድ በማስረጃ ማቅረብ አለበት። የተማረው ታሪክ ያው ነው፤ ጥያቄው ግን ገልባጩን መርማሪ አደረገው።

ይህ ነገር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። ከ2022 ወዲህ፥ ጥያቄ ሲቀርብለት ሙሉ ጽሑፍ በቅጽበት አዘጋጅቶ የሚሰጥ መሣሪያ በሕዝብ እጅ ገብቷል። ተማሪው የተሰበሰበ ነገር ብቻ ከተጠየቀ መሣሪያው ከእርሱ ይልቅ በቶሎና በንጽሕና ይሰበስባል፤ መምህሩም የማንን ሥራ እንዳረመ አያውቅም። ለዚህ መድኃኒቱን በቅጣት ብቻ የሚፈልጉ አሉ። ቅጣቱ ቢያስፈልግም፥ ከቅጣቱ የሚቀድም ብልሃት በቅኔ ቤት ብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል፤ ሥራው ትንሽ ይሁን፥ የተማሪው የራሱ ይሁን፥ ፊት ለፊት ይነገር። ሃያ ገጽ ከመጻፍ በፊት ሁለት ገጽ፥ ከሁለት ገጽም በፊት አንድ የጠራ ጥያቄ ይቅረብ፤ ተማሪውም በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ ይህን ከየት አገኘኸው፥ ስለምን አመንኸው፥ በተቃራኒው የሚል ቢመጣ ምን ትመልሳለህ ተብሎ ይጠየቅ። የተዋሰ ቃል በዚህ ወንፊት አያልፍም።

ይህ ሁሉ መምህሩን ያደክማል። አንድ መቶ ወረቀት አርሞ ነጥብ መስጠት፥ አንድ መቶ ሰው አስነግሮ ከመስማት ይቀልላል፤ ስለዚህ የቅኔ መምህሩ ለብቻው አልደከመም፥ አስነጋሪ ሾመ፤ ቀድሞ ያወቀው ኋላ የመጣውን ይሰማል፥ ሲሰማም እርሱ ራሱ ይማራል። የዛሬውም ትምህርት ቤት ከፍ ያለውን ተማሪ ለዝቅተኛው አስነጋሪ ቢያደርገው ከሁለቱ ወገን ትርፍ ያገኛል።

በመጨረሻም አንድ ፍርሃት ይቀራል፤ ተማሪ መጠየቅን ከለመደ መምህሩን ይንቃል፥ የአባቶችን ቃል ያቃልላል የሚል ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ሳያውቅ የሚጠይቅ፥ ሳይደክም የሚፈርድ በየዘመኑ አልጠፋም። ነገር ግን ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመቅደስ በተገኘ ጊዜ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም እንደ ነበረ ሉቃስ ጽፎልናል። መስማትና መጠየቅ በአንድ ቦታ ተጽፈዋል፤ መስማቱ ይቀድማል፥ መጠየቁም ይከተላል። ሰምቶ የማይጠይቅ ተማሪ የመምህሩን ቃል ይዞ ያረጃል፤ ሳይሰማ የሚጠይቅም ባዶውን ይዞራል። ሰምቶ የሚጠይቅ ግን አለቃ ኪዳነ ወልድ ለመምህራቸው እንዳደረጉት የተቀበለውን አደራ አብዝቶ ይመልሳል። የትምህርት ቤት ደጅ የተከፈተው እንዲህ ላለው ደቀ መዝሙር ነው፤ ለእርሱም የሚገባውን ጥያቄ ማዘጋጀት የመምህሩ ፈንታ ነው።